የሂደት ቁጥጥር በእጅ ይገባል፦ ለአሠልጣኞች የአንድ ቀን የተግባር መመሪያ

በጥራት ክፍሉ ግድግዳ ላይ የቁጥጥር ቻርት ተለጥፏል፤ ነጥቦቹም በየፈረቃው ይሞላሉ። ሆኖም ነጥቡ ከፍ ባለ ቁጥር ሠራተኛው ይጠየቃል፤ ዝቅ ሲል ይመሰገናል፤ ማሽኑም ከልኬት ወደ ልኬት ሲነካካ ይውላል። ቻርቱ አለ፤ ቻርቱ የተሠራበት አስተሳሰብ ግን የለም። ስታቲስቲካዊ የሂደት ቁጥጥር በስላይድና በቀመር ብቻ ሲሰጥ ውጤቱ ይኸው ነው። ሠልጣኙ ቀመሩን ይገለብጣል፣ ፈተናውን ያልፋል፣ በማግስቱ ግን የትናንቱን ቁጥር ከዛሬው ጋር እያስተያየ ሰው መገሠጹን ይቀጥላል።

ይህ መመሪያ የቴክኒክና ሙያ መምህራንን፣ የካይዘን አሠልጣኞችንና የጥራት ክፍል ኃላፊዎችን ታሳቢ ያደርጋል። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ “ሰባቱ የጥራት መሣሪያዎች” የሚለው አጠራር በአገራችን ተለምዷል፤ የቁጥጥር ቻርትም ከሰባቱ አንዱ ነው። ከታች የቀረቡት አራት ሙከራዎች አንድ መርህ ይከተላሉ፦ ሠልጣኙ መዋዠቅን በገዛ እጁ ሳያይ ቀመር አይሰጠውም።

መርሁ የዘርፉ አባቶች የሠሩበት ነው። ዋልተር ሹዋርት የመጀመሪያውን የቁጥጥር ቻርት ንድፍ ለአለቃው ያቀረበው እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1924 በአንዲት አጭር ማስታወሻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው መረጃ ደግሞ ከሳህን የወጣ ነው፦ ቁጥር የተጻፈባቸውን 998 ቺፖች ሳህን ውስጥ አስቀምጦ፣ አንድ እያወጣና መልሶ እየጨመረ 4,000 ጊዜ መዝግቧል። የእሱን ሐሳብ ተቀብሎ እ.ኤ.አ. በ1950 በጃፓን ያስተማረው ኤድዋርድስ ዴሚንግም ትልልቅ ሥራ አስኪያጆችን የሚያሠለጥነው በነጭና በቀይ ዶቃ ነበር።

ዝግጅት

የሚከተሉትን ከአንድ ቀን በፊት አሟልተው ይጠብቁ። ኮምፒውተርም ፕሮጀክተርም አያስፈልግም፤ መብራት ቢጠፋ ሥልጠናው አይቋረጥም።

• በመጠንና በክብደት እኩል የሆኑ 4,000 ዶቃዎች፦ 3,200 ነጭ፣ 800 ቀይ። ይህን ያህል ካልተገኘ 800 ነጭና 200 ቀይ ይበቃል፤ ዋናው ነገር ቀዩ ከጠቅላላው 20 በመቶ መሆኑ ነው።
• ዶቃውን የሚይዝ ሰፊ ጎድጓዳ ሳፋ።
• አናጺ ያበጃት፣ እጀታ ያላት የእንጨት ሰሌዳ። በላይዋ 5 በ10 ሆነው የተደረደሩ 50 ጉድጓዶች ይኑሯት፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ዶቃ ብቻ ይያዝ።
• አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ አንድ ብይ፣ ካርቦን ወረቀት፣ የአንድ ሜትር ማስመሪያ።
• መቀሶች፣ ያገለገለ ወረቀት፣ በሚሊሜትር የተከፋፈሉ ማስመሪያዎች።
• ፍሊፕ ቻርት ወረቀት፣ ማርከር፣ ካልኩሌተር።

ለ24 ሰው የሚሆን የጊዜ ክፍፍል ይኸው፦ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 3፡00 የፊደል ሙከራ፤ ከ3፡00 እስከ 5፡00 ዶቃ፤ ከ5፡15 እስከ 6፡30 ብይ፤ ከምሳ በኋላ ከ7፡30 እስከ 9፡30 ወረቀት ቆረጣ፤ ከዚያ እስከ 10፡30 ሠልጣኞች ከሥራ ቦታቸው ባመጡት ቁጥር ላይ ልምምድ።

ሙከራ 1፦ አሥር ጊዜ “ጠ”

ሁሉም ሰው በአንድ ወረቀት ላይ “ጠ”ን አሥር ጊዜ ይጻፍ፤ ዘጠኙን በሚጽፍበት እጁ፣ አንዷን ግን በፈለገው ቦታ በሌላኛው እጁ። ከዚያ ወረቀቱን ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ይለዋወጥ፤ ያም ሰው በሌላው እጅ የተጻፈችውን ፈልጎ ያክብባት። ሁሉም ወዲያው ያገኛታል።

አሁን ወደ ዘጠኙ ይመለሱና “እነዚህስ ሁሉም እኩል ናቸው?” ብለው ይጠይቁ። አይደሉም፤ የአንዷ እግር ይረዝማል፣ የሌላዋ ራስ ይሰፋል። እጁ አንድ፣ እስክሪብቶው አንድ፣ ወረቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ ሁለት እኩል ፊደል አልወጣም። የዘጠኙ መበላለጥ ከሂደቱ ውስጥ የሚመነጭ ነው፤ የተለመደ ምክንያት ይባላል። አሥረኛዋ ግን ከውጭ የመጣ ነገር አለባት፤ ልዩ ምክንያት ይባላል። ሁለቱን ቃላት በትልቁ ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ቀኑን ሙሉ የምንሠራው ሁለቱን መለየት ነው።

ሙከራ 2፦ ነጭና ቀይ ዶቃ

ይህ የቀኑ ዋና ሙከራ ስለሆነ ጊዜ አይንፈጉት።

መጀመሪያ ሚና ይደልድሉ። 6 ሠራተኞች፣ 2 ተቆጣጣሪዎች፣ 1 ዋና ተቆጣጣሪና 1 መዝጋቢ ያስፈልጋሉ፤ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ እርስዎ ነዎት። አዳራሹ ውስጥ አለቆችና የበታች ሠራተኞች አብረው ካሉ፣ አለቆቹን ሠራተኛ ያድርጓቸው። በእኛ ዘንድ በሰው ፊት መወቀስ ከባድ ነገር ነው፤ ስለዚህ ለስድስቱ አስቀድመው ለብቻቸው “ተግሣጹ የትወናው አካል ነው” ብለው ይንገሯቸው።

ቀጥሎ የሥራውን ደንብ በጥብቅ ያስታውቁ። ምርታችን ነጭ ዶቃ ነው፤ ደንበኛው ቀይ አይቀበልም። ሠራተኛው ሰሌዳዋን ሳፋው ውስጥ ያጠልቃል፣ 50ው ጉድጓድ ሲሞላ ያወጣል። ዴሚንግ ሰሌዳዋ 44 ዲግሪ ዘንበል ብላ እንድትወጣ ያዝ ነበር፤ እርስዎም ይዘዙ። ደንቡ ሲጠብቅ ሠልጣኞች ውጤቱ በጥንቃቄ የሚወሰን መስሎ ይሰማቸዋል፤ ይህ ስሜት በኋላ ለውይይቱ ያስፈልጋል። ሁለቱ ተቆጣጣሪዎች ሳይነጋገሩ ቀዩን ይቆጥራሉ፤ ዋናው ተቆጣጣሪ ሁለቱን ቁጥሮች አመሳክሮ ጮክ ብሎ ያሳውቃል፤ መዝጋቢው በትልቁ ወረቀት ላይ ይጽፋል።

ሥራው አራት “ቀን” ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ በቀን አንድ ጊዜ ያጠልቃል። በየቀኑ መጨረሻ ሥራ አስኪያጁ የተለመደውን ሁሉ ያደርጋል። 5 ቀይ ብቻ ያወጣውን በጭብጨባ ይሸልሙ። 14 ያወጣችውን “ከእርስዎ ይህን አልጠበቅንም” ይበሏት። በማግስቱ ተሸላሚው 11 ሲያወጣ “ትናንት 5 ነበር፤ ዛሬ ምን ነካዎት? ሽልማቱ አዘናጋዎት?” ይበሉት። “ጥራት ከእኔ ይጀምራል” የሚል መፈክር ይለጥፉ። በሦስተኛው ቀን ማብቂያ ድርጅቱ መክሰሩን አውጀው ሦስቱን ደካሞች ያሰናብቱ፤ ሦስቱ ምርጦች በአራተኛው ቀን ሁለት ሁለት ፈረቃ ይሥሩ።

አዲስ ቀን ከመጀመሩ በፊት ተመልካቾች ግምታቸውን በወረቀት ይጻፉ፦ ነገ ማን የተሻለ ያመጣል? በቃል የተገመተ ሲከሽፍ ይረሳል፤ በወረቀት ላይ የሰፈረ ግን ጸሐፊውን ይሞግታል።

አራቱ ቀናት ሲያልቁ እጅዎ ላይ 24 ቁጥሮች አሉ። ቀመሩ አሁን ይምጣ። የቀዮቹ ድምር 228 ሆነ እንበል። አማካዩ 228 ለ24 ሲካፈል 9.5 ነው። የቀይ ድርሻ 9.5 ለ50፣ ማለትም 0.19 ነው። 9.5ን በ0.81 አባዝተን ስኩዌር ሩቱን ስንወስድ 2.77 እናገኛለን፤ በ3 ስናባዛው 8.3 ይሆናል። ስለዚህ የላይኛው ወሰን 17.8፣ የታችኛው 1.2 ነው። ሦስቱን መስመሮች አስምረው 24ቱን ነጥቦች አንድ ሠልጣኝ በየተራ ያስቀምጣቸው። አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም በወሰኑ ውስጥ ያርፋሉ። ተሸላሚውም ተወቃሿም ከአንድ ሳፋ የቀዱ፣ በአንድ ሂደት ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ማርከሩን አስቀምጠው ውይይቱን ይክፈቱ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ቀዮቹን ዶቃዎች ሳፋው ውስጥ የጨመረው ማን ነው? ሠራተኛው የቀዮቹን ቁጥር ለመቀነስ በእጁ ምን ነበረው? በእርስዎ መሥሪያ ቤት ቀዩ ዶቃ ምንድን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ሲነሳ ዝም ብለው ይጠብቁ። የጥሬ ዕቃው ጥራት፣ የኃይል መቆራረጥ፣ ያረጀ መርፌ፣ ግልጽ ያልሆነ ትእዛዝ እያሉ ሠልጣኞች ራሳቸው ይዘረዝራሉ። ሁሉንም ጽፈው ይያዙ።

ከዚያ ሂደቱን ራሱን ይለውጡ። “አዲስ አቅራቢ አግኝተናል” ብለው ከሳፋው የቀዩን ዶቃ ግማሽ (ከ800ው 400) ያውጡና እነዚያው ሠራተኞች 10 ጊዜ ያጥልቁ። አሁን ቀዩ ከ3,600ው 400 ስለሆነ የሚጠበቀው አማካይ 5.6 ገደማ ነው። ነጥቦቹ ከ9.5 መስመር በታች ይከማቻሉ። በተከታታይ 8 ነጥቦች ከመካከለኛው መስመር በአንድ ወገን ሲውሉ ሂደቱ ተለውጧል ማለት ነው፤ ይህን ደንብ የዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው የጥራት ቁጥጥር መመሪያ ውስጥ አስፍሮታል። ተግሣጽ፣ ሽልማትና መፈክር አራት ቀን ያላመጡትን ለውጥ ሳፋው ሲለወጥ ሁሉም በዓይኑ ያያል።

አንድ ብልህ ሠልጣኝ “ቀዩ 20 በመቶ ከሆነ አማካዩ ለምን በትክክል 10 አልሆነም?” ማለቱ አይቀርም። በሰሌዳ መቅዳት ዕጣ እንደማውጣት አይደለም፤ የቀለሙ ውፍረት፣ የዶቃው ልስላሴ፣ የጉድጓዱ ስፋት ሁሉ ድርሻ አላቸው። ዴሚንግ ራሱ በተለያዩ ሰሌዳዎች ሠርቶ የአንዱ አማካይ 11.3፣ የሌላው 9.4 ሆኖ አግኝቶታል። የሂደቱን ባሕርይ የሚነግረን ሂደቱ ራሱ የሰጠው ቁጥር ነው፤ ወሰኑም የሚሰላው ከእሱ ነው።

ትወናውን ሳይዘጉ ለሻይ አይበተኑ። “ሥራ አስኪያጁ ጥፋተኛ ነበር፤ ሠራተኞቹ አቅማቸውን ሰጥተዋል” ብለው በሁሉም ፊት ያውጁ፤ ስድስቱንም በየስማቸው ያመስግኑ።

ሙከራ 3፦ ብይ፣ ጠርሙስና የሚነካካ እጅ

ይህ ሙከራ የሚያስተምረው በቅን ልቦና የሚደረግ ማስተካከያ እንዴት እንደሚያበላሽ ነው። የሃይላንዱን ጠርሙስ ከትከሻው በታች ቆርጠው አፉን ወደ ታች ይገልብጡት። ሁለት ወንበሮች መካከል ማስመሪያውን አጋድመው በፕላስተር ያጣብቁ፤ የጠርሙሱ አንገት በማስመሪያው ጠርዝ ግራና ቀኝ ይንሸራተት። 40 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የታጠፈ ጨርቅ፣ በላዩ የተቀጣጠሉ ነጭ ወረቀቶች፣ ከዚያም ካርቦኑ ይነጠፍ። ዒላማውን በማስመሪያው መሐል ትክክል ዜሮ ብለው ምልክት ያድርጉበት። ብዩን ሲለቁት በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እየዞረ ይውረድ። ብዩ ስለሚነጥር የሚቆጠረው መጀመሪያ ያረፈበት ነጥብ ነው፤ የሚለካውም ከዒላማው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያለው ርቀት ብቻ ነው።

አራት ቡድኖች፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ደንብ 20 ጊዜ ይጣሉ።

ደንብ አንድ፦ ጠርሙሱን ዒላማው ላይ አስተካክሎ ከዚያ በኋላ አለመንካት።

ደንብ ሁለት፦ ብዩ ከዒላማው 3 ሳንቲሜትር ወደ ቀኝ ከወደቀ፣ ጠርሙሱን አሁን ካለበት 3 ሳንቲሜትር ወደ ግራ ማንቀሳቀስ።

ደንብ ሦስት፦ ብዩ 3 ሳንቲሜትር ወደ ቀኝ ከወደቀ፣ ጠርሙሱን ወደ ዒላማው መልሶ ከዒላማው 3 ሳንቲሜትር ወደ ግራ ማስቀመጥ።

ደንብ አራት፦ ጠርሙሱን የመጨረሻው ብይ በወደቀበት ቦታ ላይ ማስቀመጥ።

ከመጀመራቸው በፊት የትኛው ደንብ ብዩን ወደ ዒላማው ይበልጥ እንደሚያቀርብ ሁሉም በወረቀት ይገምት። ደንብ ሁለት ጤናማ ስለሚመስል ደጋፊ አያጣም። ውጤቱ ግን ሌላ ነው። ከሁሉ የተሻለው ደንብ አንድ ነው። ደንብ ሁለት የመዋዠቁን ቫሪያንስ እጥፍ ያደርገዋል፤ በስታንዳርድ ዲቪዬሽን ሲለካ 41 በመቶ ያህል ይሰፋል። ደንብ ሦስት ብዩን አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ እያወዛወዘ እየራቀ እንዲሄድ ያደርገዋል። ደንብ አራት ደግሞ ቀስ በቀስ ከዒላማው ያስኮበልለዋል።

አራቱን ግራፎች ጎን ለጎን ሰቅለው ወደ ሥራ ቦታ ያምጧቸው። እያንዳንዱን ጠርሙስ ለክቶ የመሙያ ማሽኑን ወዲያው የሚያስተካክል ኦፕሬተር በደንብ ሁለት እየሠራ ነው። ክምችት ሲበዛ ግዢ የሚዘጋ፣ ሲያንስ ከልክ በላይ የሚያዝ መጋዘን ወደ ደንብ ሦስት ተጠግቷል። የመጨረሻውን የተቆረጠ ጨርቅ አብነት አድርጎ ቀጣዩን የሚቆርጥ፣ ወይም አዲሱን ሠራተኛ በቅርቡ የተቀጠረው እንዲያሠለጥነው የሚያደርግ ክፍል በደንብ አራት ላይ ነው። ይህ ማለት ግን ጠርሙሱ ፈጽሞ አይነካም ማለት አይደለም። ሲጀመር ከዒላማው ውጭ ከተተከለ መስተካከል አለበት፤ ግን በአንድ ብይ ሳይሆን በብዙ ውርወራ አማካይ ተመርቶ ነው። መዋዠቁን ለመቀነስ ደግሞ ዝግጅቱን ራሱን መለወጥ፣ ለምሳሌ ጠርሙሱን ዝቅ ማድረግ ያሻል። ጊዜ ካለ ዝቅ አድርገው በደንብ አንድ ይድገሙትና ልዩነቱን ያሳዩ።

ሙከራ 4፦ በዓይን ግምት 100 ሚሊሜትር

አሁን ሠልጣኞች ሙሉ ቻርት ራሳቸው ይሥሩ። አራት አራት ሰው በቡድን ይሁን፦ ቆራጭ፣ ለኪ፣ መዝጋቢ፣ ነጥብ አስቀማጭ። በቆራጩ ፊት 100 ሚሊሜትር የሆነ የናሙና ቁራጭ ይሰቀል። ቆራጩ ማስመሪያ ሳይነካ፣ ናሙናውን በዓይኑ እያየ ወረቀት ይቆርጣል። በየ5 ቁራጩ አንድ ንዑስ ቡድን ይባላል፤ አማካዩና ስፋቱ፣ ማለትም የትልቁና የትንሹ ልዩነት ይመዘገባል።

12 ንዑስ ቡድን ሲሞላ ጊዜያዊ ወሰን ያስሉ። በሥራ ቦታ ከ20 እስከ 25 መጠበቅ ይሻላል፤ ለትምህርት ግን 12 ይበቃል። የአማካዮቹ አማካይ 101.2፣ አማካይ ስፋቱ 8 ቢሆን፣ ለ5 ናሙና የሚሠራው ቋሚ ቁጥር 0.577 ስለሆነ 0.577 በ8 ሲባዛ 4.6 ይሆናል። የአማካዩ ወሰን ከ96.6 እስከ 105.8 ነው። የስፋቱ የላይኛ ወሰን 2.114 በ8፣ ማለትም 16.9 ነው፤ የታችኛው ዜሮ ነው።

ከ12ኛው በኋላ ዕረፍት ይስጡና ሠልጣኞች ሳያዩ በሁለት ቡድኖች ጠረጴዛ ላይ ያለውን ናሙና በ106 ሚሊሜትር ይተኩት። የሌሎቹን አይንኩ። ሲመለሱ “አንዳንድ ቡድን ላይ ለውጥ ሊኖር ይችላል” ብቻ ይበሉ። ሌላ 10 ንዑስ ቡድን ቆርጠው እያንዳንዱ ቡድን ይወስን፦ ለውጥ አለ ወይስ የለም? ከየትኛው ነጥብ ጀምሮ? የተነካባቸው ቻርታቸው ይነግራቸዋል። ያልተነካባቸው ደግሞ የሌለ ችግር ከማሳደድ መታቀብን ይማራሉ፤ ይህም ችግሩን የማግኘት ያህል ዋጋ አለው።

በመጨረሻ “ደንበኛው ከ98 እስከ 102 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚቀበለው” ይበሉ። አማካይ ስፋቱን 8ን በ2.326 ብናካፍል የአንድ ቁራጭ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን 3.4 ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ ነጠላ ቁራጮች ከ91 እስከ 111 ሊደርሱ ይችላሉ። ሂደቱ የተረጋጋ ነው፤ ደንበኛውን ግን አያረካም። የቁጥጥር ወሰን ሂደቱ የሚናገረው፣ የደንበኛው መስፈርት ሰው የሚፈልገው ነው። የደንበኛውን መስፈርት በአማካዮች ቻርት ላይ በጭራሽ አያስምሩ፤ ቻርቱ የሚያሳየው የአምስት ቁራጭ አማካይ ሲሆን ደንበኛው የሚረከበው ግን ነጠላ ቁራጭ ነው።

ወደ ሥራ ቦታ መመለስ

ሠልጣኞች ሲመጡ ከሥራቸው 20 ያህል ተከታታይ ቁጥሮች ይዘው እንዲመጡ አስቀድመው ይንገሯቸው፦ የዳቦ ክብደት፣ የታካሚ የመጠበቂያ ደቂቃ፣ በፈረቃ የተመለሰ ልብስ ብዛት። በንዑስ ቡድን ያልተሰበሰበ ቁጥር ከሆነ ቀላሉ ስሌት ይኸው ነው፦ ከእያንዳንዱ ቁጥር እስከ ቀጣዩ ያለውን ልዩነት ይውሰዱ፣ የልዩነቶቹን አማካይ በ2.66 ያባዙ፣ በቁጥሮቹ አማካይ ላይ ይደምሩና ይቀንሱ።

ቻርቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍበት። አንደኛው “ልዩ ምክንያት የሚያሳየው ነጥብ ይህ ነው፤ ማጣራት ያለበትም እገሌ ነው” የሚል፣ ወይም “ልዩ ምክንያት የለም” የሚል ይሁን። ሁለተኛው ሂደቱን ለመለወጥ የሚያስፈልገውን ውሳኔና ውሳኔውን የመስጠት ሥልጣን ያለውን የሥራ ኃላፊ ይጥቀስ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሥራ ቦታቸው ይሂዱና ቻርቱን አሳዩኝ ይበሉ። የሚመረምሩት የነጥቦቹን ውበት ሳይሆን በኅዳጉ ላይ የተጻፈውን ነው። “ሠራተኛው ተመክሯል” የሚል በየነጥቡ ካገኙ የዶቃውን ሙከራ ከአለቆቹ ጋር ይድገሙት። “መርፌ ተቀየረ፤ ከዚያ ወዲህ 8 ነጥብ ከመስመሩ በታች” የሚል ካገኙ ሥልጠናው ሥራ ጀምሯል።